ቅጠሉ በቀላ ጊዜ የወረደችው ድብ

ጥቅምት 8
ቅጠሉ ከተራራው ጫፍ መቅላት ጀመረ። ጠዋት ቴሌቪዥኑ የኛን ሸለቆ አሳየ፤ «የአኪታ መኸር በዚህ ሳምንት ይደምቃል» አለ። ከዚያ በኋላ ስልኩ አላረፈም። የማረፊያችን ክፍሎች በሙሉ ተያዙ። ፍራሽ ሳሰጣ፣ አንሶላ ስተኩስ ዋልኩ። ወገቤ…

ምሳ ላይ ካንጂ የእንጉዳይ ሾርባውን እያማሰለ፣ «ዘንድሮ ጫካው አላፈራም» አለ። ስለ ድብ ሊያወራ እንደሆነ ገባኝ። ባሌ አዳኝ ነው፤ አባቱም አዳኝ ነበር።
«ሲርባቸው ይወርዳሉ።»
«ይውረዱ። ቤታቸው የገባነው እኛ ነን።»
«ይህን ለድቦቹ ንገሪያቸው።»
ሳቀብኝ። ከተጋባን ጀምሮ በዚህ ነገር አንግባባም። አድኖ ያመጣውን ሥጋ አንድ ቀን በአፌ አላዞርኩም።

ጥቅምት 12
የእትዬ ፉሚን ውሻ ድብ በላው። ሰንሰለቱ ላይ የቀረው ጭንቅላቱ ብቻ ነው። ግድግዳው እስከ መስኮቱ ድረስ ደም። እትዬ ፉሚ የወንዝ ዳሩን ፍል ውሃ የሚጠርጉልን፣ እንግዳ ሆኜ ወደዚህ መንደር ስዳር መጀመሪያ ያናገሩኝ ሰው ናቸው። አላለቀሱም። ውሃ በባልዲ እያመላለሱ ግድግዳውን አጠቡ።
«ሲጮህ ሰምቼው ነበር» አሉኝ። «እንግዶችን ይረብሻል ብዬ ዝም በል አልኩት።»

ጥቅምት 13
የማረፊያ ባለቤቶች ስብሰባ። ካንጂ ተነስቶ፣ «የወንዙ መንገድ ይዘጋ። ወጥመድ ይተከል» አለ።
ሊቀመንበራችን አቶ ኩዶ ፈገግ አሉ። «ድብ ዓመቱን ሙሉ አለ። ቅጠሉ ግን ነፋስ እስኪነካው ድረስ ነው። ለእንግዶቹ ደወል እንሰጣለን። ድብ ደወል ሲሰማ ይሸሻል።»
«ለራበው ድብ ደወል የምሳ ጥሪ ነው» አለ ካንጂ።
ሰው ሳቀ። መንገዱ እንዳይዘጋ፣ ወጥመዱም እንዳይተከል የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። አወጣሁ። ወጥመዱን ጠልቼ ነው… ካንጂ ያላየኝ መስሎኝ ነበር። እስከ ቤት ድረስ ቀድሞኝ ሄደ።

ጥቅምት 15
ሊን የምትባል ወጣት ከታይዋን መጣች። ካሜራዋ ከእሷ ይከብዳል። ቋንቋችንን ደህና አድርጋ ትናገራለች።
«እመቤት፣ የወንዙ ቅጠል ለፎቶ የሚያምረው መቼ ነው?»
«ጠዋት። ጉሙ ሳይነሳ።»
«ድብ አለ ሲሉ ሰማሁ።»
«ደወል እሰጥሻለሁ።»
ካንጂ ከኩሽና ብቅ ብሎ አየኝ። ተመልሶ ገባ።

ጥቅምት 24
ሆስፒታል። በአንድ ዓይን ነው የምጽፈው። መስመሩ ይጣመማል።
እትዬ ፉሚ ሞተዋል።

ጥቅምት 25
ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ሊን በመጣች ማግስት ነው። እትዬ ፉሚ ማልደው ፍል ውሃውን ሊጠርጉ ወርደው ቀሩ። ሊን ልትወርድ ስትል አብሬሽ ልሂድ አልኳት። የረገፈ ቅጠል የምዝቅበት አካፋ በእጄ ነበር። ጉም። ወንዙ ስለሚጮህ ወገቤ ላይ ያለው ደወል ለራሴም አልተሰማኝም።

ውሃው ቀይ ነበር። ቅጠል መሰለኝ…

ከዚያ እጃቸውን አየሁ። አንዲት ድብ ጀርባዋን ሰጥታን ትበላለች። አጥንት ሲሰበር ይሰማል። ሊን ጮኸች። ድቧ ዞረች።

አልሸሸሁም። እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነው ወይስ ሊን ከኋላዬ ስለነበረች? አላውቅም። ስትመጣ በአካፋው አፍንጫዋን መታኋት። ደገምኳት። ጥርሷ ሲረግፍ አይቻለሁ። አንዴ በመዳፏ ፊቴን ጠረገችው። አላመመኝም፤ ሙቅ ነገር ብቻ በአንገቴ ወረደ። ወደቅኩ። ላዬ ላይ ወጣች። ትንፋሿ ይሸታል… የምን ሽታ እንደሆነ አውቄያለሁ። የአካፋውን እጀታ ጉሮሮዋ ውስጥ ከተትኩት፤ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁ።
«ሙቺ፣ ሙቺ» እል ነበር አሉ። ሊን ናት የነገረችኝ። እኔ?

ካንጂ ጩኸቱን ሰምቶ ጠመንጃውን ይዞ ወረደ። እኔን እንዳይመታ በጣም ተጠጋ። ዞራ ቀኝ ክንዱን ነከሰችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። በግራ እጁ አፈሙዙን ጆሮዋ ሥር አስደግፎ ተኮሰ። ላዬ ላይ ሞተች። ከሥሯ ጎትታ ያወጣችኝ ሊን ናት።

ክንዱ ከእንግዲህ ጠመንጃ አያነሳም ብሏል ሐኪሙ። አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ ነው። ስለ ስብሰባው አንድ ቃል አልተናገረም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 27
አቶ ኩዶ ፍራፍሬ ይዘው መጡ። አጎነበሱ። ተቀመጡ። ፖም ላጡልን።
«ጋዜጠኞች ከጠየቁሽ… እትዬ ፉሚ ደወል ሳይዙ ወርደው ነበር ብትዪ።»
«ደወሉ ወገባቸው ላይ ነበር። አይቼዋለሁ። ከሰውነታቸው ደህና የቀረው እዚያ አካባቢ ነው።»
«ቅጠሉ ገና አልረገፈም እኮ፣ ሱሚኤ። ስንት ቤት ከዚህ ይበላል።»
ሳህኑን ወረወርኩባቸው። ግንባራቸው ተሰነጠቀ። ነርሶቹ ሮጠው መጡ። ካንጂ እስኪያስለው ሳቀ፤ ከዚያ አለቀሰ። ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ኅዳር 2
ቤት ገባን። የወንዙን መንገድ ማንንም ሳላስፈቅድ በገመድ ዘጋሁት። ወጥመድ አምጡልኝ ብዬ ማዘጋጃ ቤት የደወልኩትም እኔ ነኝ። የብረት ፍርግርግ ያለው ሳጥን እትዬ ፉሚ ግቢ ተተከለ።

ከሰዓት አውቶቡስ መጣ። «ለአንድ ፎቶ ብቻ፤ ቴሌቪዥን ላይ አይተነው ነው» አለኝ አንዱ፤ ገመዱን ከፍ አድርጎ። ፋሻዬን ገልጬ አሳየሁት። ገመዱን ቀስ ብሎ ለቀቀ። ሚስቱ አውቶቡሱ ጥግ አስመለሳት።

ኅዳር 5
ካንጂን፣ አደን ለመማር ልመዝገብ ነው አልኩት።
«ለሚያነጣጥር ሰው አንድ ዓይን ይበቃዋል» አለ።

ኅዳር 9
ወጥመዱ ውስጥ የድብ ግልገል ገባ። የዚያች ድብ ልጅ ነው ይላል ካንጂ፤ ያን ጠዋት ከዛፍ ላይ ያይ ነበር አለ። ምን እንዳየ፣ ምን እንደቀመሰ… ወደ ሰው ቤት የመጣው ያን ተምሮ ነው። ብረቱን እየነከሰ አፉ ደምቷል። ድምፁ እንደ ሕፃን ነው።

ከጎረቤት መንደር አዳኙ አቶ ሳሳሞሪ መጡ።
«ግቢ፤ አትይው» አለኝ ካንጂ።
«አየዋለሁ።»
ፍርግርጉ ሥር ቆምኩ። ግልገሉም አየኝ። አቶ ሳሳሞሪ ከተኮሱ በኋላ እግሮቹ ለትንሽ ጊዜ ሮጡ። ካንጂ አጎንብሶ የአባቱን የአዳኝ ጸሎት አነበነበ። ከኋላው ሆኜ እየተቀበልኩ ደገምኩ። ቃሉን አላውቀውም ነበር።

ቤት ስገባ ስልኩ ይጮሃል። ሴት ናት፣ ከኦሳካ ከተማ። ወሬው ከአሁኑ በምን ደረሳት? እያለቀሰች ነው።
«ግልገሉ ምን አጠፋ?»
«ምንም አላጠፋም።»
«ታዲያ ለምን?»
ተሳደበች። ነፍሰ ገዳይ አለችኝ። አልዘጋሁባትም። ለቅሶዋ የእውነት ነበር። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

ካንጂን ጓሮ በአንድ እጁ የግልገሉን ቆዳ መግፈፍ አቅቶት ሲታገል አገኘሁት። እጅጌዬን ሰብስቤ አጠገቡ ተንበረከክሁ።
«ከየት ነው የሚጀመረው?» አልኩት።
ቢላውን ሰጠኝ።