ተኩላው ደጅ ቀረ

ይድረስ ለምወድሽና ለማበሽቅሽ እትዬ። እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ቁጣ ርቄ አምሮብኛል።

ከባድ መርዶ ስላለኝ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ቤታችን ተኩላ መጥቷል። ተኩላው እኔ ነኝ።

ከጓደኞቼ ጋር የልጅነት ተረቶቻችንን አስፈሪም አስቂኝም ፊልም እያደረግናቸው ነው። ገንዘብ ስለሌለን ጭምብሌ ካርቶን፣ ደማችን የቲማቲም ድልህ ነው። ትናንት የተኩላውንና የግልገሎቹን ቀረጽን። እማዬ ግልገል ሆና በሩን ከውስጥ ቆለፈች፤ እኔ ድምፄን አቅጥኜ «እናትሽ ነኝ፣ ክፈቺልኝ» አልኳት። «የእናቴ ድምፅ እንዲህ አይጎረንንም» ስትል ካሜራ ያዡ በሳቅ ሞተ።

ካሜራው ከጠፋ በኋላ ጭምብሌን አውልቄ «እማዬ፣ አለቀ እኮ፤ እኔ ነኝ» አልኳት። በመስኮቱ ትክ ብላ አየችኝና በቀስታ «የኔ ልጅ ገና ትንሽ ነው። አንተን አላውቅህም» አለች። ካሜራ ያዡ «ምነው ይህን በቀረጽኩት» አለ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። እስኪመሻሽ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ኋላ በሩን ከፍታ «አንተ ቀልማዳ፣ ብርድ ላይ ምን ይጎልትሃል?» ብላ እንደ ወትሮዋ ተቆጣችኝ።

ስትመጪ ፀጉርሽን እማዬ እንደምታውቀው፣ እንደ ድሮው ተሠሪ፤ ቀለም እንዳትቀቢው። ከቻልሽ ቶሎ ነይ። መርዶ ያልኩሽ ግን ይኸው ነው፤ በር ተቆልፎብኝ ትንሽ ደጅ ቆየሁ፣ ሌላ ምንም የለም።

ደህና ሁኚልኝ፤
አብሻቂው ወንድምሽ