ስለ ሹመቴ የሰጠሁትን ምስክርነት ስለ ማረም

ለክቡር ጋሽ ወንድምአገኝ፣
የሁለት ግሮሰሪዎች ባለቤትና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፤
ሲያትል

ጤናዎ እንደ ግሮሰሪዎ ገበያ ከዕለት ወደ ዕለት እየደራ፣ ከነቤተሰብዎ በሰላም እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የስካይዌዩ ሱቅዎ ማናጀር ሠርካለም፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

እንደሚያስታውሱት፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ከካሸርነት ወደ ማናጀርነት ያሳደጉኝ ዕለት እጅዎን ትከሻዬ ላይ ጭነው ጸልየውልኛል። እኔም በተከታዩ እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ ራስ እንጂ ጅራት ስላላደረገኝ አምላኬን እያለቀስኩ አመስግኛለሁ። ዛሬ የምጽፍልዎ ያንን ምስክርነት በትሕትና ለማረም ነው።

አንደኛ፣ ማናጀር ሰው ያስተዳድራል ሲባል እሰማ ነበር። እርስዎ ግን በቸርነትዎ ከዚህ ሸክም ገላግለውኛል፤ የሚቀጥሩትም፣ የሚያባርሩትም፣ ፈረቃ የሚያወጡትም እርስዎ ስለሆኑ ለእኔ የተረፈኝ በርበሬና ሽሮ መደርደር፣ ሒሳብ መቀበል፣ ወለል መወልወልና የበሩ ቁልፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ካሸር ሳለሁ በሳምንት ከአርባ ሰዓት በላይ የሠራሁት ትርፍ ሰዓት በኦቨርታይም ሒሳብ ይታሰብልኝ ነበር። ከተሾምኩ ወዲህ ስድሳ ሰዓት ስሠራ፣ ማናጀር ኦቨርታይም እንደማይከፈለው በአባታዊ ፈገግታ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እኔ በሹመቴ ዘመን የበላሁት ምሳዬን ብቻ ነው፣ እሱንም ቆሜ።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ለማስገባት ሄጄ፣ የተቀበለችኝ ባለሙያ በሥሬ ስንት ሠራተኛ እንዳለ ስትጠይቀኝ እርስዎ እንዴት ያሉ የጸሎት ሰው እንደሆኑ ነገርኳት። ለዚያ በቅጹ ላይ ቦታ እንደሌለው፣ ሰው የማያስተዳድር ማናጀር ግን ኦቨርታይም እንደሚከፈለው በትሕትና አስረዳችኝ። ስለዚህ ዜሮ ብዬ ሞላሁ፤ የሁለት ዓመት ትርፍ ሰዓቴንም እንዲከፍሉኝ ጠየቅሁ።

ጋሼ፣ ያስለቀሰኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሌላ ቀጣሪ ቢሆን ኖሮ የሹመቱን ውል አንብቤ፣ ሰው አማክሬ እፈርም ነበር። የእርስዎን ግን ከጸሎቱ በኋላ ስለሰጡኝ ሳላነብ አሜን ብዬ ፈረምኩ። ከድተውኛል፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

ራሷንና አንድ መወልወያ በታማኝነት የምታስተዳድረው፣
አክባሪዎ ሠርካለም

ማስታወሻ፦ የሴንትራል ዲስትሪክቱን ሱቅ ካሸር፣ ኖላዊትን፣ ማናጀር ሊያደርጓት እንደሆነና እሷም በመጪው እሑድ እንደምትመሰክር ሰምቻለሁ። ከእሷ በፊት የምመሰክረው እኔ ነኝ፤ ስሜን አስመዝግቤያለሁ። የመክፈቻውን ጸሎት እንደ ወትሮው እርስዎ ቢመሩልን ደስ ይለኛል፤ በዚህኛው ግን ዓይኔን አልጨፍንም።