አራተኛው ጥሪ

ኅዳር 6፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

ዛሬም ከገጽ 31 ቀጠልኩ። ቀይ እስክሪብቶ፣ መነጽር፣ ሻይ። ለመድብሉ የመጡትን ግጥሞች የማርመው ስም ሸፍኜ ነው፤ ደንቤን ታውቀዋለህ፣ ማስታወሻዬ። ብሸፍንስ ምን ዋጋ አለው። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። በየሁለት ስንኙ ኬላ ላይ የሚቆመው የባኮ መስመር ሾፌር ነው። ፍቅሩን ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ የሚያስረክበው ልብስ ሰፊው። ሞትን በሹክሹክታ የምታነጋግረው ጡረተኛዋ ነርስ፤ በሽተኛ እንዳይነቃባት ይመስል። ሰው ያደገበትና የዋለበት ከቃሉ አይለይም። መግቢያዬም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ስምንት ገጽ። ራሴን ማመስገን አልወድም። ግን ጥሩ ነው።

ገ. 34፣ የላሊሴ ግጥም። የጊዳ አያና ወረዳ ልጅ፣ አባቷ ወንጌላዊ። እዚያ ብጥብጥ ከተነሣ ወዲህ ነቀምቴ ናት፤ ሒሳብ ታስተምራለች። ቤቷ ኦሮምኛ፣ ግጥሟ አማርኛ። ከወንዝ ማዶ የነበሩ ጎረቤቶቿን በየስማቸው ትጣራለች። ደስ ይላል። ግን ከጥሪው ሥር “አለን” የሚል ስንኝ። ከቀጣዩም ሥር “አለን”። እንደገና “አለን”። ሁሉንም ሰረዝኩና አንዱን ብቻ መጨረሻ ላይ አስቀረሁ። ሁለት ገጽ የነበረው አንድ ሆነ። ጠበቅ አለ።

ኅዳር 8፣ ሐሙስ

ገመቹ መጣ። አብረን ነው የምናዘጋጀው፤ ድሮ እኔ አማርኛ እሱ ጂኦግራፊ እናስተምር ነበር። እርማቱን አገላበጠ። የሾፌሩን ወደደ፣ የነርሷን ወደደ። ላሊሴ ጋ ሲደርስ ሳቀ።

“ልጅቷ ጴንጤ ሆና መጥታልህ አንተ ቅኔ ቤት አስገባሃት” አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ውሸት አይደለም። አባቴ ከጎጃም የመጣ መሪጌታ ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ቃል ከደገምኩ በመቋሚያው ወለሉን ይመታል። ያኔ የተማርኩት ዛሬም ያገለግለኛል። አልቆጭበትም።

ኅዳር 9፣ ዓርብ፣ ከሰዓት

ላሊሴ ቤቴ መጣች። አካም ኦልታኒ ብላ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምራ ባለቤቴን፣ ልጆቼን፣ ላሚቱን ሳይቀር ጠየቀች። ከዚያ ተቀምጣ እርማቱን አነበበች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሁለት እርማቶቼን ትክክል ናቸው ብላ ተቀበለች፤ አንደኛው ስንኝ በእርግጥም ያነክስ ነበር። ቀጥላ ግጥሟን ከመድብሉ እንዳወጣላት ለመነችኝ።

ለምን አልኳት።

“ባርሲሳ” አለችኝ፣ መምህር ማለቷ ነው። “መልሱን ቆርጠውታል። አሁን ብቻዬን ነው የምጮኸው።”

ስለ ቁጥብነት አስረዳኋት። ወረቀት ላይ ምቱን እየቆጠርኩ አሳየኋት። የተሳሳተ ስሌት የያዘ ተማሪ እስኪጨርስ እንደሚጠበቅ ጠበቀችኝ። በመጨረሻ፣ ከመወሰናችን በፊት ነገ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር፣ የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ልምምድ ላይ ይምጡ አለች። ማተሚያ ቤት የምንገባው ማክሰኞ ነው። ግጥሙ ከወጣ መድብሉ ጥሩ ግጥሙን ያጣል። ምርጡ ነው። ስሰርዘውም አውቅ ነበር።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። የቆርቆሮ አዳራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሃያ የሚሆኑ ዘማሪዎች። ልምምዱ ሲያልቅ እንዳይነሡ ነገረቻቸው። እኔን ከጎን አስቀምጣ አስረዳችኝ። ጊዳ አያና እያሉ በነሱ ቀበሌና ከወሎ በመጡት ሰፈር መካከል ወንዝ አለ። ሲመሽ ከዚህ ማዶ በስም ይጣራሉ፣ ከወዲያ “አለን” ይባላል። እንዲህ ተባብሎ ነው የሚታደረው። እሑድ ደግሞ መዘምራን ጋ፣ መሪው ይሰጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ግጥሟ ከሁለቱ ነው የተወለደው።

ከዚያ ቆማ ጀመረች። በቃሏ።

“ወርቄ ባለ ጥቁር አዝሙዷ፣ ገብተሻል?”

“አለን” አሉ ሁሉም፣ ባንድ ድምፅ።

“ሰይድ፣ ወይፈኑ ተገኘ?”

“አለን።”

ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው፦

“እማማ ዘነቡ፣ ኩራዙ በርቷል?”

ዝም።

የረሱ መሰለኝ። መልሱ አፌ ላይ መጣ፤ ልል ነበር። ወደኔ ሳትዞር እጇን አነሣች። እኔም ዋጥኩት። ወደ አምስተኛው አለፈች፤ “አለን” አሉ።

ዋናውን ቅጂ ይዤ ነበር። ገልጬ አየሁ። ከአራተኛው ጥሪ ሥር ባዶ መስመር አለ። መጀመሪያም ነበረ። ሌላውን መልስ ሁሉ ስሰርዝ፣ ሁሉንም ጎረቤቶች እንደ እማማ ዘነቡ አድርጌያቸዋለሁ።

ስንወጣ ስለ እሳቸው ጠየቅኋት። አማርኛ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ በልጅነቷ ወንዙን እየተሻገረች። ግጥሟ ውስጥ ያለው የወሎ ቅላፄ ከዚያ ነው የመጣው፤ ከማን እንደወሰደችው ሳስብ ከርሜ ነበር።

“የት እንዳሉ አላውቅም” አለችኝ። “ስልካቸው አይሠራም። እስካውቅ ድረስ አሉም አልልም፣ የሉምም አልልም።”

ኅዳር 12፣ ሰኞ

ስምንቱን ገጽ መግቢያ እንደገና አነበብኩ። የተሳሳተ ነገር አላገኘሁበትም። ሾፌሩ ሾፌር ነው፣ ሰፊው ሰፊ። የጎደለው አራሚው ነው፤ እሱም የሆነ ቦታ አድጓል። የአባቴ ጆሮ የተረፈውን ቃል ወዲያው ይሰማል። ሆን ተብሎ የተተወውን አይሰማም። በዚህ ዕድሜ ይህን መማር አያሳፍርም።

ገመቹ ደወለ። ነገርኩት። እንዳሰብኩት ሳቀብኝ፤ ቀጥሎ ግን ለላሊሴ ሁለት ገጽ ቦታ ከጠፋ የሱን ግጥም እንዳወጣ ነገረኝ። እምቢ አልኩ። የሱ ግጥም ጥሩ ነው፤ ካርታ ይመስላል።

ኅዳር 13፣ ማክሰኞ፣ 8 ሰዓት

ማተሚያ ቤት። ፊደል አቀናባሪው የላሊሴን ግጥም ወደ ሁለት ገጽ ሲመልሰው መጽሐፉ ከልኩ አለፈ። የተደጋገመውን እናውጣ አለ። አይነካም፣ መግቢያውን አውጣ አልኩት። የማን ነው አለ፤ የኔ ነው አልኩት። ዞሮ አየኝ። በምትኩ የገጣሚዎቹ ስምና የትውልድ ቦታ በግማሽ ገጽ ይበቃል፤ የቀረውን አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

ገ. 35 ሲደርስ ባዶውን መስመር አየ። የጠፋ ቃል መስሎት ሊዘጋው ጣቱን አነሣ። ተወው አልኩት። ምን ይገባበታል አለኝ። ገና አልታወቀም አልኩት፤ መልሱ ከመጣ በሁለተኛው እትም እናስገባዋለን።

የማረሚያ ቅጂው ላይ ፈረምኩ።