አምስተኛው መስኮት

ፈንቴ ሆዴ፣

ካጣሁህ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ይህን ያህል ረጅም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ስህተት ብታገኝ እንደ ልማድህ ሳቅብኝ።

አሽዶድ፣ ሮቫ ዩድ-አሌፍ የሚሉት ሰፈር ያለው ቤታችን ብዙም አልተለወጠም። ሊፍቱ ዛሬም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። ልጃችን ኦርሊ ወታደር ሆናለች፤ ዓርብ ዓርብ በዩኒፎርሟ ስትገባ ጎረቤቱ በር ከፍቶ ያያታል። አረማመዷ ያንተ ነው። ኮቴዋን ደረጃው ላይ ስሰማ አንዳንዴ ሳላስበው ሦስት ሳህን አወጣለሁ። ሦስተኛውን ስመልስ እንዳታየኝ ጀርባዬን እሰጣታለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሞሻቩ፣ ስለ ገበሬዎቹ መንደር ቤት ነው። ከፋብሪካው በጡረታ ስትወጣ በኪራይ የያዝከው፣ ብርቱካን ማሳው ጫፍ ላይ ያለው ባለሁለት ክፍል ቤት። ከአሽዶድ በአውቶቡስ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ እኔ ግን ከሞትክ በኋላ ዓመት ሙሉ እግሬን አላስገባሁበትም። ምክንያቱን የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን።

ያን ማክሰኞ ጠዋት በመጋረጃ ተጣላን። እኔ ለአምስቱም መስኮት ወፍራም መጋረጃ ይሁን አልኩ፤ አንተ ጨርቅ የሚባል አይሰቀልም አልክ። የእኔ ከእናቴ የወረስኩት ፍርሃት ነው፤ ባዕድ ዓይን እያየኝ እህል አይወርድልኝም። ያንተ ሌላ ነበር። በአገር ቤት እኛ በመንገድ ስናልፍ ቡዳ መጣ ብለው ልጆቻቸውን በነጠላ የሚሸፍኑትን ሴቶች አልረሳህም። «እዚያ ከእኛ ሲሸፈኑ ኖሩ፤ እዚህ እኔ ከማንም አልሸፈንም። የፈለገ ይየኝ!» አልከኝ። ተናደድኩ። «እንግዲያው ብቻህን ኑርበት!» አልኩህ። ባርኔጣህን አንስተህ ወጣህ። በሩን ብታላትመው ይሻለኝ ነበር፤ አንተ ግን ቀስ አድርገህ ዘጋኸው።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ሞሻቩ ቤት ወድቀህ ጎረቤት እንዳገኘችህ፣ አምቡላንስ ቢመጣም እንዳልደረሰልህ ነገሩኝ። በሐዘኑ ሰባት ቀን ሰው ሁሉ «ምን ዓይነት ትዳር ነበር!» እያለ ሲያለቅስ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲህ ያቺ ቃሌ ከእኔ ጋር ትበላለች፣ ከእኔ ጋር አውቶቡስ ትሳፈራለች። የአረጋውያኑ ቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንደምሠራ ታውቃለህ፤ ማሽኑ ሲዞር «ብቻህን፣ ብቻህን» ይላል። አብረውኝ የሚሠሩት ለምን ሬድዮ እንደምከፍት አያውቁም።

በመጨረሻ የገፋፋችኝ ኦርሊ ናት። «እማ፣ ዳይ፣ በቃ! ቤቱ እየሻገተ ነው። ወይ እንግባበት ወይ እንመልሰው» አለችኝ። ቀን ቆርጠን፣ ሜትር ይዘን ሄድን።

ቤቱ የተዘጋ ሽታ ይሸታል። መቆፈሪያህ በሩ ኋላ እንደ ተደገፈ ነው፤ አፈሩ ደርቆበታል። እኔ ስለካ ኦርሊ ትጽፋለች። የወጥ ቤቱን ለካን፣ የመኝታ ቤቱን፣ የሳሎኑን ሁለቱን። በጎረቤት ግቢ በኩል ወደ ምዕራብ የሚያየው አምስተኛው መስኮት ጋ ስደርስ ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ገባችበት። ያን ጊዜ መስታወቱ ላይ መዳፍህን አየሁት።

ፈንቴ፣ ሙሉ መዳፍ ነው። ማሽን የቆረጣት ትንሿ ጣትህ ጎድላ፣ የቀሩት አራቱ ተዘርግተው። ቆሞ የሚነካ ሰው ከሚደርስበት በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ከጉልበቴ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ወለሉ ላይ ሆነህ እንደ ነካኸው ገባኝ። ልጅቷ እንዳታይ ፊት ለፊቱ ተገተርኩ። «እሱን አልለካም» አልኩ። ለምን ስትለኝ ሜትሩን ጠቀለልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዳፍህ አልለይ አለኝ። በአውቶቡሱ መስታወት አየዋለሁ። ስሠራ፣ የማሽኑ ክብ በር ላይ፣ ከውስጥ ተለጥፎ አየዋለሁ። ማንም በሌለበት መስታወቱን ስትመታ፣ ስትጣራ፣ እኔ እዚህ ተቀይሜ ሽንኩርት ስከትፍ።

መጋረጃ ሱቁ ውስጥ ከሩሲያ የመጣች ሻጭ ተቀበለችን። ጥቅሉን አንድ በአንድ ዘረጋችልን፤ ስሱን፣ አበባ ያለበትን፣ እንደ ቄጠማ ምንጣፍ የሚጠቀለለውን፣ ብርሃን ጭራሽ የማያሳልፈውን። ኦርሊ ተጠቅላዩን ወደደች። እኔ ጥጥ የሆነ፣ ሰማያዊ፣ እጄ ላይ የሚከብድ ጨርቅ መረጥኩ። ሻጯ ስንት መስኮት ነው ስትል «አራት» አልኩ። ኦርሊ «አምስት ነው እኮ እማ» አለች። «አራት» አልኩ ድጋሚ። አንተ እንደ ፈለግኸው አንዱ ባዶውን ይቅር ብዬ ነው። ደግሞም እፊቱ ተቀምጬ እያየሁት እንድቀጣ።

መጋረጃዎቹን በእጄ ሰፋሁ። በሳምንቱ ሄደን አራቱን እንደ ሰቀልን በር ተንኳኳ። የጎረቤት ግቢዋ አሮጊት ሚርያም ናት፤ ከየመን የመጣችው፣ በሐዘንህ ጊዜ መጥታ ከጥግ ተቀምጣ ቃል ሳትናገር የሄደችው። አምስተኛውን መስኮት በጣቷ እያሳየች በፈጣን ዕብራይስጥ ብዙ ተናገረች። የእኔ ዕብራይስጥ አልተከተላትም። ኦርሊን አየኋት፤ ልጅቷ ደርቃ ቀርታለች።

«ምን አለች?»

«እማ» አለች ኦርሊ፣ ባላት አማርኛ እየታገለች፣ «አባ ብቻውን አልነበረም። እሷ ውጭ ልብስ እያሰጣች ነበር። አባ መስኮቱን በእጁ መታ። አየችው። ሮጣ ገባች። እስከ… እስከ ሶፍ፣ እስከ መጨረሻው፣ ራሱ እሷ ጉልበት ላይ ነበር።»

ሚርያም እኛ እንደምናውቅ መስሏት ነበር፤ የአምቡላንሱ ሰዎች ነግረውናል ብላ። እኔ ወንበር ፈልጌ አጣሁና ግድግዳውን ያዝኩ። ሚርያም ግን አልጨረሰችም። አንተ ታወራ እንደ ነበር፣ በአማርኛ ስለሆነ እንዳልገባት ነገረችን። አንዲት ቃል ግን ደጋግመህ ስላልካት ዓመት ሙሉ በጆሮዋ ይዛት ኖራለች። ምን ማለት እንደሆነ ንገሩኝ አለች። ከዚያ በዚያ በየመን አፏ ጠራቻት፦

«ሜጻች? ሜጻች?»

ኦርሊ አልገባትም። እኔ ግን ድምፅህን በአሮጊቷ አፍ ሰማሁት። መጣች? መጣች?

«አንቺ ምን አልሽው?» አልኳት፣ በራሴ ስብርባሪ ዕብራይስጥ።

«ኬን አልኩት» አለች። አዎ ማለቷ ነው። «ምን እንደሚል ሳላውቅ ኬን፣ ኬን እያልኩ ግንባሩን ዳበስኩት። ከዚያ ዝም አለ። ፊቱ ዐረፈ።»

መስኮቱ ሥር፣ አንተ በነበርክበት፣ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያ እኔ የፈለግኩት ወፍራም መጋረጃ ተሰቅሎ ቢሆን ኖሮ ማንም አያይህም ነበር። ጮኼ አለቀስኩ፤ ሰባቱን ቀን ያላለቀስኩትን። ኦርሊም አጠገቤ ተቀምጣ ያን ጊዜ መዳፉን አየችው። የራሷን እጅ ጎኑ አስጠጋች፣ ሳትነካው።

ሚርያም ስትወጣ ክንዴን ይዛ ልመናዋን ተናገረች። የመጣችውም ለዚያ ነበር። ልብስ ልታሰጣ በወጣች ቁጥር ዓይኗ ወደዚያ መስኮት ይሄዳል፤ ገመዷን ወደ ሌላ ጥግ አዛውራ እንኳ እጅህን ታያለች። «ልጄ፣ እባክሽ እሱንም ሸፍኚልኝ» አለችኝ። የሚታየው ለእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከትርፉ ጨርቅ አንድ ጨምሬ ሰፋሁ። አትቀየመኝ፣ ለእኔ ብዬ አይደለም። ጠዋት ጠዋት እስከ ጥግ ድረስ እከፍተዋለሁ፤ ሚርያም የልብስ ገንዳዋን ይዛ ስትወጣ እዘጋላታለሁ። መስታወቱን ከውጭ በኩል አጠብኩት፤ በውስጥ በኩል እጄ እምቢ አለኝ። አንድ ቀን አጥበው ይሆናል። አሁን ዓርብና ቅዳሜን እዚያ ነው የምናሳልፈው። አንዳንድ ቀን መጋረጃው ንፋስ ሳይኖር የተነሣ ይመስለኛል። አልሸሽም፤ «አለሁ» እላለሁ ጮክ ብዬ፣ ኦርሊ ብትሰማም።

የአሁኑ ተዝካርህ ሲደርስ ዘመድ እንደ ልማዱ፣ ክፉ ቃል ሳይነጋገሩ ኖሩ ብሎ ሊያወድሰን ነው። እኔ ግን ተነሥቼ እናገራለሁ። አንተ ግትር እንደ ነበርክ፣ እኔ ከአንተ የባስኩ እንደ ነበርኩ፣ በመጨረሻው ጠዋት በጨርቅ ተጣልተን እንደ ተለያየን፣ አንተም ተቀይመህ ሳለ እንደ ጠበቅከኝ። ያፍሩብኝ ይሆናል፤ ይፈሩብኝ። ሰው ያሳመረውን ባል አላውቀውም። እስትንፋሴ እስካለች የማስታውሰው አንተን ነው፣ ያገባሁትን፣ የተጣላሁትን።

ሚስትህ የሺ