ጭጋግ ውስጥ የገባው ሚኒባስ

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ አዲስ አበባ ላለው ባለቤቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ብርድ በመጣ ቁጥር የሚያስቸግርህ ጉሮሮህ እንዴት ነው? ጉሮሮህ እንኳን ደህና እንደሆነ አውቃለሁ፤ ባለፈው ቅዳሜ የጣሪያ ቆርቆሮ ማስታወቂያ ስታነብ ሰምቼሃለሁ፣ ጥርት ያለ ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። እናትህ ከጉልበታቸው በቀር ደህና ናቸው። እኔም መዝገብ ቤት ከፋይሎቼ ጋር እንደተለመደው ነኝ። አንተ ግን ከሞትክ ዛሬ ዘጠነኛ ቀንህ ነው።

እየቀለድኩ አይደለም። አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬልሃለሁ፤ ስልክህ ወይ ዝግ ነው ወይ አይነሳም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የጎረቤታችን የወይዘሮ ንግስት ባል አቶ እንዳላማው ነገ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ በእጁ እልከዋለሁ። ለሟች ደብዳቤ አድርስልኝ ስለው ዓይን ዓይኔን አየኝና ተቀበለኝ። ሐዘን ያዞራት መስሎት ይሆናል።

እናትህን ድራማ ያስጀመርካቸው አንተ ነህ፤ ይህን መጀመሪያ እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። ለፋሲካ ስትደውል እናትህ እዚያ ምን እየሠራህ ነው የምትውለው ብለው ጠየቁህ። አንተ ደግሞ ማስረዳት ታከተህና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ “ሠላሳ ሰከንድ” የሚባል ድራማ አለ፣ ስለ ማስታወቂያ ሠራተኞች ነው፣ እሱን እይው፣ የኔም ኑሮ ልክ እንደዚያ ነው አልካቸው። ስልኩን ዘጋህ፤ ነገሩ ላንተ እዚያ ላይ አለቀ። ለእኛ ግን ስድስት ወር ቆየ።

እናትህ ያን ድራማ እንደ ድራማ አላዩትም። ያንተን ወሬ እንደሚያመጣ ሰው ነበር የሚጠብቁት። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቤት ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም። ተስፋዓለም የሚባለው ዋናው ሰውዬ ምሳ ሳይበላ ስብሰባ ሲገባ፣ አየሽ ልጄ አይበላም እኮ ይሉኛል። ሲያስለው የዝንጅብል ሻይ ላኪለት ይሉኛል። ከአንዲት የድርጅት ባለቤት ጋር ምግብ ቤት ቁጭ ብሎ ሲስቅ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። በመሃል ማስታወቂያ ሲገባ ያንተ ድምፅ ይመጣል፤ ቀለም፣ ሴራሚክ፣ ብስኩት። ድምፅህ ሲመጣ እናትህ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

የመጨረሻው ክፍል የታየው ጥቅምት 22 ነው። አይተኸው ከሆነ ታውቀዋለህ፣ ካላየኸውም ልንገርህ። ተስፋዓለም ከሥራው ሁሉ ይጣላና ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ እናቱ አገር ልሂድ ብሎ ሚኒባስ ይሳፈራል። አገሩ እዚህ ጎጃም ነው። ሚኒባሱ አባይን መውረድ ሲጀምር ጭጋግ ይመጣል፤ እሱ በመስኮት እያየ ፈገግ ይላል፤ ጭጋጉ ይወፍርና ቴሌቪዥኑ ነጭ ብቻ ይሆናል። ወዲያው እሱ ራሱ የሠራው የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ይመጣል። “በሰላም ያደርሳል” ይላል በገዛ ድምፁ። ከዚያ የተዋንያኑ ስም ይወርዳል። በቃ። ስድስት ወር ያስቀመጡን ለዚህ ነው።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ሥራ የሚሠራ አልነበረም። አብራኝ የምትሠራው ሶልያና ደርሷል ትላለች፤ ነጩ ነገር ብርሃን ነው፣ ቤቱ ነው፣ የእናቱ ነጠላ ነው፤ ብቻ ያልሆነው ነገር የለም። ወይዘሮ ንግስት ደግሞ ማታ ላይ በአጥር አሻግረው፣ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይመጣል፣ ለገበያ ነው ያቋረጡት አሉኝ። እኔ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ። ፋይል ስከፍት መጀመሪያ የሚታየኝ የጎደለው ወረቀት ነው። ያ ሚኒባስ ስንት ነገር ጎድሎታል። ታፔላ የለውም። ረዳት የለውም፤ ረዳት ያልጮኸበት፣ ሰው በሰው ላይ ያልጫነበት ሚኒባስ ከየትኛው መነኸሪያ ነው የሚነሳው? አባይን ሲወርዱ አንድ ሰው እንኳን አላስታወከም። ተሳፋሪው ሁሉ ዛሬ የታጠበ ነጠላ ለብሶ እርስ በርሱ ይሳሳቃል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ሰውዬው ባዶ እጁን ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ እናቱን ሊያይ የሚሄድ ሰው አንድ ፌስታል ስኳር አይዝም? የለበሰውም ጃኬት የጎማውን ማስታወቂያ ሲቀርጹ የለበሰው ነው፤ እኔ ለይቼዋለሁ።

ስለዚህ የኔ ትርጉም ይኸ ነው፦ ሰውዬው እየሄደ አልነበረም፣ ሲሄድ እየተቀረጸ ነበር። ጭጋጉ ሲወፍር ቁረጥ ብለውት ወርዷል፣ ሻይ ጠጥቷል፣ በመጣበት መኪና ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። ይህን ለእናትህ እያንዳንዱን ማስረጃ እየቆጠርኩ አስረዳኋቸው።

በሳምንቱ ቅዳሜ፣ በዘጠኝ ሰዓት፣ እናትህ ቦታቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። አልቋል እያልኳቸው ጠበቁ። የምግብ አብሳዮች ውድድር መጣ። እስከ መጨረሻው ድረስ አዩትና ቴሌቪዥኑን አጥፊው አሉኝ። ከዚያ፣ አልደረሰም ማለት ነው፣ ፍትሐት ያስፈልገዋል አሉ።

እማማ ድራማ እኮ ነው አልኳቸው። እሱን አውቃለሁ፣ ሞኝ አይደለሁም አሉኝ። ወደ እናቱ ተነስቶ ያልደረሰ ልጅ ምን ይባላል ታዲያ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ ንገሪኝ አሉኝ። የመስከረሙን ስልክ አስታወስኩ፣ የመስቀል ዋዜማ ላይ የደወልከውን። አባይን እየወረድኩ ነው፣ እራት እንዳትበሉ ጠብቁኝ ብለህ ኔትወርክ ተቆረጠ። ጠበቅንህ። በማግስቱ ሥራ መጣብኝ የሚል መልእክት ላክህ። እኔ እንግዲህ ያን ጊዜ ግን የጎደለውን ሳይሆን የተረፈውን ነበር የሰማሁት። አባይ በረሃ ውስጥ ሕፃን ልጅ ከየት መጥቶ እንደሚያለቅስ፣ ሴትስ ከየት መጥታ እሹሩሩ እንደምትለው አልገባኝም። ስልኩ ላውድ ላይ ነበር፤ ግን እናትህ ምንም ስላላሉ አልሰሙም ብዬ ለራሴ ደበቅኩት።

የፍትሐቱ ነገር ከዚያ ቀጠለ። የተስፋዓለም የክርስትና ስም ማነው አሉኝ። ድራማው አይናገርም አልኳቸው። ያለ ክርስትና ስም አይሆንም፣ እንግዲያው የልጄ ስም ይያዝለት አሉ። ያንተ የክርስትና ስም በወረቀት ተጽፎ እሁድ ጠዋት ከቅዳሴ በፊት ለቄሱ ተሰጠ። ቄሱ እንደ ደንቡ ጠይቀዋል። ምን ሆኖ ነው ቢሉ፣ ወደ እናቱ ሲመጣ አባይ ላይ ቀረ ተባሉ። አስከሬኑስ ቢሉ፣ አልመጣም ተባሉ። እስቲ ከዚህ ውስጥ ውሸቱን አውጣልኝ። ወረቀቱን ማን ጻፈው፣ ማንስ ወሰደው ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። እናትህ ፊደል አልቆጠሩም፤ ጉልበታቸውም ከሰኔ ወዲህ ከግቢው በር አላሳለፋቸውም።

ወይዘሮ ንግስት ከቅዳሴ ሲወጡ ፍትሐቱ ለማን እንደሆነ ቄሱን ጠይቀው ኖሮ፣ ከእኛ በር ሳይደርሱ ጩኸታቸው ደረሰ። እድራችንን ታውቀዋለህ፤ ለሠርግ የሚዘገየው ሁሉ ለሞት ይፈጥናል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ተተከለ፣ አግዳሚው ተደረደረ። እኔ ቆዩ፣ ስህተት አለ ልል ወደ በሩ ስሄድ እናትህ እጄን ያዙኝ። ተይ ብቻ ነው ያሉኝ። ሴቶቹ ራሴ ላይ ጥቁር ሻሽ አሰሩብኝ። ከሰዓት በኋላ አጎትህ ገብረ ኪዳን ገጠር ሮብ ገበያ ያለውን ዘመድ በአይሱዙ ጭኖ ደረሰ፤ ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርህ። ሞተህ ያገኘኸው ስም ነው የሚያንገበግበኝ። እናቱን ሲል፣ ወደ ቤቱ ሲል፣ መንገድ ላይ የቀረ ልጅ አሉህ። እንዳንተ ያለ ልጅ በደብረ ማርቆስ አልተወለደም አሉ። የእናትህን ጉልበት ሦስት ዓመት ሙሉ በሙቅ ውሃ ያሸሁት እኔ እዚያው ፍራሽ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ሰው እንኳን ስሜን አላነሳም። ሚኒባሱ ታፔላ የለውም፣ ሰውዬው ባዶ እጁን ነው ብዬ ልጮህ ፈልጌ ነበር።

በዚህ መሃል ድምፅ ማጉያ የጫነች ፒክ አፕ በመንገዱ መጣች። ገበያ ውስጥ አዲስ የተከፈተ የፍራሽ ቤት አለ። አንተ ነህ። “ወደ ቤት መግባት የሚያስናፍቅ ፍራሽ” ትላለህ፣ በዚያ በሚያምረው ድምፅህ፣ ደጋግመህ። ልቅሶው ቀጥ አለ። ገብረ ኪዳን ጋቢውን ከፊቱ ላይ አንስቶ ቆመ። ወይዘሮ ንግስት አማተቡ። መኪናዋ በድንኳኑ በኩል ቀስ ብላ አልፋ ታጠፈች። ከዚያ ሁሉም ወደ እናትህ ዞረ። እናትህ ድምፁ ነው አሉ። ድምፁማ መቼ ቀረብን አሉ። ሰው ሁሉ ከበፊቱ ብሶ አለቀሰ።

ሦስተኛው ቀን አልፎ ድንኳኑ ሲፈርስ አልቻልኩም። ሻሹን ከራሴ ላይ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ እማማ ልጅዎ በሕይወት እንዳለ ያውቃሉ፣ ለምን ገደሉት አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ተናግሬያቸው አላውቅም። አልተቆጡኝም። እኔም እኮ ጆሮ አለኝ አሉኝ። የመስቀል ዋዜማ ያ ሕፃን ያለቀሰ ጊዜ ስልኩን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ አሉኝ። ከዚያ እጄን ይዘው፣ አንቺ ገና ሠላሳ አራት ዓመትሽ ነው፣ ልጅ አልያዝሽም፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘኗን ጨርሳ ትነሳለች፣ አንቺን ግን ባልሽ ይመጣል እያሉ እዚህ ከኔ ጉልበት ጋር ሊያስቀሩሽ ነው አሉኝ። ለሱም ይሻለዋል፣ በመንገዱ ላይ በክብር ቢቀር አሉ። ለአንቺም ይሻልሻል። ለኔስ አይሻለኝም አሉና፣ በስድስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሱት ያን ዕለት ነው።

እኔ ከሳቸው ጋር ስለ ድራማ እየተከራከርኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። ታኅሣሥ 9 ሐሙስ አርባህ ነው። እናትህ ጌሾ አስወቅጠዋል፣ ዘመድ ተነግሯል። ከዚያ በፊት ብትመጣ ከቤተ ክርስቲያን እስከ እድር ድረስ የምንናገረው ይጠፋናል፣ ከተማው ዓመት ሙሉ ይስቅብናል፣ እናትህም ቄሱን ቀና ብለው ለማየት ያፍራሉ። እኔ ግን ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው ለአንድ ቀን መጥተህ፣ ፎቶ ተነስተህ፣ ሥራ መጣብኝ ብለህ መሄድህን ነው። የምትመጣ ከሆነ ለመኖር ና። የሚያለቅሰውንም ልጅ ቢሆን ደብቀኸው አትምጣ፤ እናትህ አያቱ ናቸው። ካልመጣህ ደግሞ ሐሙስ ዕለት ጥቁሬን ለብሼ እቀመጣለሁ፣ የመጣውን ሰው አበላለሁ፣ አጠጣለሁ፣ ዓመት ሲሞላ ጥቁሩን አወልቃለሁ። ከዚያ በኋላ በሩን ብታንኳኳ የሚከፍትልህ አይኖርም።

ደብዳቤ በምርቃት ነው የሚያልቀው። ብዕሬን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ላለ ሰው የሚባለው ሌላ፣ ላለፈ ሰው የሚባለው ሌላ። ስለዚህ ሁለቱንም ጽፌልሃለሁ። በመሥሪያ ቤታችን ቅጽ ላይ እንደምናደርገው፣ የማይመለከትህን ሰርዘህ በአቶ እንዳላማው እጅ መልስልኝ።

እግዚአብሔር በምትሄድበት ሁሉ ይጠብቅህ።

እግዚአብሔር ነፍስህን ይማር።

የእናትህ ምራት