ግድግዳችን ላይ ስለተለጠፈው ከሰማይ የተነሳ ፎቶግራፍ

ለተከበሩ ጓድ ደምመላሽ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር
ዶሮ ማነቂያ፣ መጋቢት 1969 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ ይጠንክር፣ እንቅልፍዎም ከእኛ ቤት እንቅልፍ የተሻለ ይሁን እያልኩ፣ እኔ የካርታ ነዳፊው የአቶ ገብረክርስቶስ ልጅ ይህን ደብዳቤ በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌያለሁ። ጽሕፈቱ ያነሰው በአክብሮት ነው ብለው ይቁጠሩልኝ።

፩ኛ፦ በቤት ለቤት አሰሳው ዕለት የግድግዳችንን ስንጥቅ የሸፈነውን ፎቶግራፍ ከነጭቃው ገንጥለው ስለወሰዱልን እናመሰግናለን፤ ነፋሱ አሁን ያለ ይለፍ ወረቀት ይገባል። ሰፈሩ ሁሉ ግድግዳውን በጋዜጣ ሲለጥፍ፣ እናቴ አባቴ ከመሥሪያ ቤቱ ያመጣውን የተበላሸ ቅጂ መለጠፏ በእርግጥ ድፍረት ነው።

፪ኛ፦ ፎቶውን ያነሳችው ሳተላይት ናት። መንግሥታችን ከውጭ አገር የሥነ ምድር ባለሙያዎች ጋር ተፈራርሞ ያስመጣውም በአፋር በረሃ ጉድጓድ የት ቢቆፈር ውኃ እንደሚገኝ ለማወቅ ነው። ይህ እርስዎ እንዳሉት ስለላ ከሆነ፣ ፈራሚውን መንግሥት መቼ እንደሚያስሩት ለማየት እንጓጓለን።

፫ኛ፦ በእንዲህ ዓይነቱ ፎቶ ላይ ለምለም ቅጠል ቀይ ሆኖ ይታያል። እርስዎ ግን ፎቶውን ዘቅዝቀው ይዘው፣ ቀዩን ነጠብጣብ ሁሉ «የአናርኪስት መሸሸጊያ» እያሉ እስከ ሠላሳ አንድ ቆጠሩ፤ ጥቁር ሆኖ የወጣውን ሐይቅም «ይቺ ጥቁሯ የኛ ቀበሌ ናት» አሉ። አባቴ «ጓድ፣ ቀዩ እኮ ቅጠል ነው» ቢልዎ፣ «ቅጠልን ቀይ እያልክ በአብዮቱ ትቀልዳለህ?» ብለው በጥፊ አስተማሩትና አስረው ወሰዱት። እኔ ያን ጊዜ ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልሳቅሁም።

፬ኛ፦ ይህ ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ዛሬ እናቴ ለአባቴ ወደ ቀበሌው እስር ቤት የወሰደችውን ስንቅ ዘበኛው ሳይከፍት መለሰውና፣ «ነገ ጠዋት ወደ ከፍተኛው ይዛወራል፤ ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። የጎረቤታችን የወይዘሮ ሀጂራ ልጅ የተዛወረ ዕለትም እንዲሁ ነበር የተባለው፤ እሳቸው እስካሁን ሳህን ይዘው በየበሩ ይጠይቃሉ። ጓድ፣ አባቴን ከማዛወርዎ በፊት ወደ መሥሪያ ቤቱ አንዴ ይደውሉ። ስለ ቀዩ ነገር የቢሮው ተላላኪ እንኳ ያስረዳዎታል።

ከታላቅ አክብሮትና ከእሱም ከሚበልጥ ፍርሃት ጋር፣ እጅ የምነሳዎ፣
የሺዓለም ገብረክርስቶስ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ሳተላይቷ እንዳታይዎ የእስረኞቹን ግቢ በሸራ ማስሸፈንዎን ሰማን። አይድከሙ፤ የፎቶዋ አንዷ ነጥብ ብቻዋን ከግቢዎ ትሰፋለችና ሰው አይታያትም። ነገ ጠዋት እስረኞቹን የጫነው መኪና ሲወጣ የምናይዎ እኛ ነን፣ ከበሩ ማዶ የምንቆመው።