በሲኒማው ያየሁት ጀርባህ

ሶዶ፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፳፯ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቦጋለ፣ ካይሮ

ናፍቆት ያዘለ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ዝናቡ ብቻ ጎረቤታችንን ሁምቦን ረስቷል።

ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ፣ የምትደባደብበትን አዲሱን ሲኒማህን አየሁ። እዚህ ያስገረፈህ ድብድብ እዚያ ደመወዝ ያስገኛል። በትርኢቱ መካከል ከቤት ጣሪያ ላይ ከወደቅህ በኋላ ግን ፊትህን ደግመው አላሳዩንም፤ ጠላቶችህን ሁሉ ያሸነፍኸው ጀርባህን ለእኛ ሰጥተህ ነው።

ማሸነፍህን ለእማዬ ነገርኋት።

«ሲያሸንፍ ሳቀ?» አለችኝ።

«ያየሁት ጀርባውን ነው።»

«የኔ ልጅ ስቆ ሳይዞር አይሄድም። አንተ ደኅና አድርገህ አላየህም።»

በመነጽሬ አሳበብሁ። ከዚያ ወዲህ ፖስታ የሚመጣበትን መንገድ እያየች ትውላለች፤ እኔም ከቢሮ ስወጣ በዚያው በኩል አልፋለሁ።

ፎቶግራፍ ተነሥተህ ላክላት። ቆመህ ይሁን፤ ፊትህም በደንብ ይታይ።

ያንተን ጤንነት የሚያሰማን አምላክ ይክበር።

ወንድምህ እሸቴ